የታረሰ ሰማይ

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ
እያሉ አሳድገውኝ፣ ይህን ሉክ እስክዳስስ
እውነት ይመስለኝ ነበር።

በሃርለም ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፣
ቴውኒስ የሚሉት ሰው፣ በመስኮት ሥር አጎንብሶ፣
ሹል ብረት ጨብጦ፣ ክርኑን ተንተርሶ፣
ሰማዩን ያርሳል።
ትልም ከትልም ሥር፣ ፈር ከፈር ይስባል፤
በሬ የለ፣ ቀንበር፣ ጅራፍ የለ፣ ዘር፣
ከመዳብ ገበታ ላይ የደመና እርሻ ነበር።

ንጉሡን አላየም። ባሕር አልተሻገረ።
ዊብራንት ነው ያየው፣ አይብ ጭኖ የነበረ፣
ከወደብ ወጣ ሲል፣ በሕዝብ የታጠረ።
«ብርድ ነበር» አለው፣ አፉ በቢራ ርሶ፤
«ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁ፣ ጣት በጣት፣ ታግሦ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ከፊቴ ያለው ሰው ልጁን ትከሻው ላይ ሰቀለ፤
ያየሁት የልጅ ጫማ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጓ አለ።»

ይህን ይዞ ቴውኒስ፣ ያልታየውን ሊያሳይ፣
ከየትም ለቃቀመ፣ ከጓዳም ከአደባባይ፦
የንጉሡን ፊት ከሳንቲም፣ ካረጀ፣ ከተላገ፣
የገዳዩን ክንድ ከጎረቤት ሥጋ ሻጭ ፈለገ፣
መጥረቢያውን ከጓሮው፣ ማገዶ ከሚፈልጥበት፤
ሕዝቡን በባርኔጣ፣ ሦስት መቶ ባርኔጣ፣ ፊት የሌለበት።
ሰም ቀባው መዳቡን፤ ንድፉን አስተኛበት፤
ወርቅ ለሚፈልግ ሰው መዳብ ነው ያለበት።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
ልጆች ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ወድቆ፣ አልቅሶ
ሲነሣ፣ እሱ ንጉሡን ከግንዱ ፊት ያንበረክካል፣
ጉልበቱ አልጥም ብሎት፣ ደግሞ መልሶ።

አንድ ፊት ግን አለ።
ከጥጉ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና የቆመች፣
ሄይልቲ ናት፣ ሚስቱ፣ አምና በመከር በንዳድ ያለፈች።
ማንም አላዘዘው፤ አሳታሚው ቢያውቅ ይቆጣ ነበር፤
ለንጉሡ ሁለት ቀን፣ ለእሷ ሳምንት ፈጀ፣
ጥርሱን ነክሶ ሲቆፍር፣ ሲቆፍር።

ዮሪስ ማተሚያውን በሙሉ ጉልበቱ ጠመዘዘ፤
እርጥቡ ወረቀት ከመዳቡ ተላጠ፣ ቀለም እንደያዘ።
ያኔ ነው የታየው፦
መዳብ መስታወት ነው፤ ቀኙ ግራ ሆኖ ወጣ፤
ገዳዩ በግራው መጥረቢያ አንሥቶ መጣ።
ቴውኒስም ግራ ገባው። ሳቀ። «ይሁን» አለ፤
«አንገት እንደሆነ ቀኝ ግራ የለው፣ መኻል ላይ የተተከለ።»

በሁለት ስቱይቨር፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ ከዓሣ ቅርጫት ጎን
ሸጡት። አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው «ይበለው» አለ፣
ሦስተኛው በስንዝሩ ለካው፣
የግድግዳውን ቀዳዳ ይከድን እንደሆን።
አሮጊቷ ፍሮውክየ «ደሙ የታለ?» ስትል፣
ዮሪስ አንድ ስቱይቨር ጨምሮባት ቀይ ቀባላት፣
በምላሱ ያራሰውን ብሩሽ ነካ ሲያደርግ፣ ነካ ሲል።

መዳብም ይደክማል።
ሺህ ጊዜ ከታተመ፣ ስሱ ፈር ይፋቃል።
መጀመሪያ ሰማዩ ጦም አደረ፣ ነጣ፤
ቀጥሎ የንጉሡ ፊት፣ ከሳንቲም እንደመጣ
እንደ ሳንቲም አለቀ።
ሌላ ነጋዴ ገዝቶት፣ የቀረውን ጢም ፋቀ፣
የሌላ አገር ንጉሥ፣ የሌላ ዘመን ራስ ተከለበት፤
ዘውድ ካንገት በላይ ነው፤ አንገት ግን ያው አንገት።
እሱም ደግሞ ተፋቀ።

እኔ ጋ የደረሰው የመጨረሻው ሉክ ነው፤
ሰማዩ ያልታረሰ፣ ንጉሡ ፊት የሌለው፣
መጥረቢያው በግራ እጅ፣ እንደተነሣ ያደረ፤
በባርኔጣው ባሕር መኻል ሁለት የልጅ ጫማ ቀረ።
የቀኙ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ግራው ሊሆንም ይችላል፤
ሦስት መቶ ባርኔጣ ሽቅብ ያንጋጥጣል።
ሄይልቲ ብቻ፣ እጇ አፏ ላይ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣
ያችን ክር ታያለች፣ ልታስራት ፈልጋ።